የትምህርት ቤት የዓመት ውጥን እንዴት ያለ ሊሆን ይገባዋል

ገበሬ እርሻውን ሲጀምር ስንት ቁና ዘር እንደሚዘራ ያውቃል፤ መከሩንም ሲከት ስንት ዳውላ እንዳገባ ይቈጥራል። ነጋዴም ገበያ ሲወርድ ምን ያህል ገንዘብ ይዞ እንደ ወጣ፣ ሲመለስም ምን ያህል እንዳተረፈ ወይም እንደ ከሰረ ሳያስብ አያድርም። ልጁን ለትምህርት ቤት የሰጠውን አባት ግን ‹‹ልጅህ በመስከረም ምን ያውቅ ነበር፤ በሰኔስ ምን ጨመረ›› ብለን ብንጠይቀው፣ ብዙ ጊዜ ‹‹ዐለፈ›› ወይም ‹‹ወደቀ›› ከማለት በቀር የሚመልሰው የለውም። በእህልና በገንዘብ ሒሳብ የምንጠነቀቅ ሰዎች በልጆቻችን ዕውቀት ሒሳብ እንዲህ መዘንጋታችን የሚያስደንቅ ነገር ነው። ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን፣ የሕዝብ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ ለመሻሻል የሚያወጡት ውጥን እንዴት ያለ ሊሆን እንደሚገባው፣ የሰቆጣንና የዋግ ኽምራን ደጋ አገር ምሳሌ አድርገን ለክቡራን አንባቢዎቻችን ጥቂት ቃል ለማቅረብ እንወዳለን።

ዋግን ምሳሌ ያደረግንበት ምክንያት አለን። ዋግ የጥንት አገር ነው። ከዚህ አገር የተነሡት ዋግሹም ጎበዜ በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ካለፉ በኋላ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው እስከ 1863 ዓ.ም. ነግሠዋል። በሰቆጣ አጠገብ ከዐለት ተፈልፍሎ የተሠራው ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የጥንቱን ሰው ጥበብና ትዕግሥት እስከ ዛሬ ይመሰክራል። የሰቆጣም ገበያ በአሞሌ ጨው ንግድ የታወቀ ነበር። ዳሩ ግን ይህ አገር መከራም ያልተለየው ነው። የ1977 ዓ.ም. ረኃብ ያደረሰውን ጥፋት የማያስታውስ የለም። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በምግብ ጕድለት መቀንጨራቸው እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር እስከ 2030 ፈጽሞ እንዲቀር ቃል ሲገባ፣ ቃል ኪዳኑን በሰቆጣ ስም መጥራቱ የዚህን አገር ሕመም ስላወቀ ነው። ከዚያም ወዲህ በ2013 ዓ.ም. የተነሣው የሰሜኑ ጦርነት ወደ ዋግ ገብቶ ትምህርት ቤቶችን ጐዳ፤ ወንበርና መጽሐፍ ተዘረፈ፤ ልጆችም ከትምህርታቸው ተለያዩ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በዐማራ ክልል የተነሣው ግጭት ደግሞ በክልሉ ውስጥ ብዙ ትምህርት ቤቶችን አዘጋ።

እንግዲህ ዓመት ተቋርጦበት የተመለሰ ልጅ በመዝገብ አራተኛ ክፍል ተብሎ ቢጻፍ፣ ዕውቀቱ ግን በሁለተኛ ክፍል ቆሞ ሊገኝ ይችላል። የክፍሉ ቍጥርና የልጁ ዕውቀት በተለያዩበት ጊዜ፣ ትምህርት ቤቱ ሥራውን ከየት እንደሚጀምር ካላወቀ መምህሩ የሚያስተምረው ሌላ፣ ልጁ የሚያስፈልገው ሌላ ይሆናል። የዓመት ውጥን የሚያስፈልገውም ይልቁንም እንደዚህ ባለው ቦታ ነው።

ውጥን ማውጣት ግን ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ የትምህርት ሚኒስቴር ለትምህርት ጥራት ካወጣቸው ሥራዎች አንዱ የትምህርት ቤቶች መሻሻል መርሐ ግብር የሚባለው ነው። በዚህ መርሐ ግብር መሠረት እያንዳንዱ ትምህርት ቤት አስቀድሞ ራሱን ይመረምራል፤ ከዚያም የሦስት ዓመት ዕቅድ ያወጣል፤ ያንንም በየዓመቱ ከፍሎ ለአንድ ዓመት የሚሠራውን ይወስናል። የሚመረመሩትም ነገሮች አራት ናቸው፤ እነርሱም መማርና ማስተማር፣ የትምህርት ቤቱ አመራር፣ ለትምህርት የሚስማማ አካባቢና የኅብረተ ሰቡ ተሳትፎ ናቸው። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ኢንስፔክተሮች እየዞሩ ትምህርት ቤቶችን በ26 መለኪያ መዝነው ከ1 እስከ 4 ደረጃ የሚሰጡበት ሥርዐት ቆመ። ከወላጆች፣ ከተማሪዎችና ከመምህራን የተውጣጣው ኅብረትም በውጥኑ እንዲመክርበት ታዝዟል። ደንቡ መልካም ነው፤ የጐደለው ደንብ አይደለም።

የጐደለውን ለመረዳት ሁለት ቍጥሮችን ጐን ለጐን እናስቀምጥ። በ2002 ዓ.ም. በብዙ ክልሎች በተደረገው የንባብ ምርመራ፣ ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ከመቶው 34ቱ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ለማንበብ አልቻሉም። ከዚያ ዐሥራ ሁለት ዓመት ቆይቶ በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ896,520 ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ ይህም ከመቶ 3 ነጥብ 3 ማለት ነው። በዚያን ጊዜ አገሩ ሁሉ ደነገጠ፤ ስለ ፈተናውና ስለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ብዙ ተነገረ። ነገር ግን ዛፉ ሲወድቅ ድምፁ ይሰማል እንጂ ሥሩ የበሰበሰው ቀደም ብሎ ነው። ፊደል ሳይለይ ሦስተኛ ክፍል የገባ ልጅ ከዚያ በኋላ ሒሳቡንም ሳይንሱንም በመጽሐፍ ሊከተል አይችልም፤ በየዓመቱ ግን ዕቅድ ይወጣል፣ ሪፖርትም ይጻፋል።

ስለዚህ የምንለው አንድ ነገር ነው። የትምህርት ቤት የዓመት ውጥን ዋጋ የሚኖረው ጥቂት ሲሆን፣ ከትምህርት ቤቱ ከራሱ መነሻ ሲቈጠር፣ በየቤቱ ሲታወቅና በዓመቱ መጨረሻ ያለ ፍርሃት በእውነት ሲመረመር ነው። ከእነዚህ አራቱ አንዱ የጐደለው እንደ ሆነ ውጥኑ በመሳቢያ ውስጥ የሚቀመጥ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

አባቶቻችን ይህን ያውቁት ነበር። በየደብሩ የነበሩት የኔታ በሩብ ዓመት ሪፖርት አይጽፉም ነበር፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ልጅ የት እንደ ደረሰ ያውቃሉ። ልጁ ፊደሉን ሳይለይ ወደ አቡጊዳ አይሻገርም፤ መልእክተ ዮሐንስን ሳያጠራ ወደ ወንጌል አይገባም፤ በቍጥር፣ በግዕዝ፣ በውርድና በቁም ንባብ ተፈትኖ ነው ዳዊት የሚደግመው። ዳዊት የደገመ ዕለት ቤተ ሰቡ ድግስ ይደግሳል፤ ጎረቤቱም ይሰማል። በዚያ ትምህርት ቤት የነበረው ጕድለት ብዙ ነው፤ ዱላውም፣ ትርጕሙ ሳይገባ በቃል መያዙም፣ ሴቶች ልጆች የሚገቡበት እምብዛም መሆኑም ይታወቃል። ሆኖም ግቡ ግልጽ ነበረ፤ መነሻው የልጁ ዕውቀት እንጂ ዕድሜው አልነበረም፤ ያልተማረ ወላጅ እንኳ ‹‹ልጄ አቡጊዳ ደረሰ›› ብሎ ይናገር ነበር። ዛሬ ስንት ወላጅ ልጁ ያለበትን እንዲህ በአንድ ቃል ሊነግረን ይችላል?

አሁን ውጥኑ እንዴት እንደሚወጣ በምሳሌ እናሳይ። በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት በሁለተኛ ክፍል 60 ልጆች አሉ እንበል። መምህሩ በመስከረም ልጆቹን አንድ በአንድ እየጠራ አጭር ምንባብ ያስነብባቸው። ከ60ው 24ቱ አጥርተው ቢያነቡ፣ 20ው ፊደል በፊደል እየቈጠሩ ቢያነቡ፣ 16ቱ ደግሞ አንዲት ቃል ማንበብ ቢሳናቸው፣ የክፍሉ መነሻ ይኸው ነው። ይህ ለመምህሩ ነቀፋ አይደለም፤ ሐኪም ሕመምተኛውን ሳይመረምር መድኀኒት እንደማይሰጥ ሁሉ፣ መምህርም ሳይመረምር አይጀምርምና። ከዚያ በኋላ ውጥኑ ‹‹የትምህርትን ጥራት ከፍ ማድረግ›› ተብሎ አይጻፍ፤ እንዲህ ያለው ቃል ማንም የማይቃወመው፣ ማንም የማይጠየቅበት ቃል ነው። ይልቁንስ ‹‹እስከ ሰኔ ድረስ አጥርተው የሚያነቡት ከ24 ወደ 40 እንዲደርሱ፣ ምንም የማያነቡት ከ16 ወደ 4 እንዲወርዱ›› ተብሎ ይጻፍ። ይህን ማንም ሊቈጥረው ይችላል።

ግብ ብቻውን ግን ልጅ አያስተምርም፤ መንገዱ አብሮ መጻፍ አለበት። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ለንባብ ብቻ ይለይ፤ ያልቻሉት ለብቻቸው ተሰብስበው ከፊደል ይጀምሩ፤ ከፍ ካለው ክፍል የበረቱ ተማሪዎች ታናናሾቻቸውን ያስነብቡ፤ ማን ይህን እንደሚያደርግ፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚያደርግም በስም ይወሰን። በጥር፣ በዓመቱ እኩሌታ፣ ያው ምርመራ ይደገም፤ መንገዱ ካልሠራ ሰኔን ሳይጠብቁ ይለወጥ። በሕንድ አገር ፕራታም የሚባለው ማኅበር ልጆችን በክፍል ሳይሆን በሚችሉት መጠን ለይቶ በማስተማር የታወቀ ነው። ከ1998 ዓ.ም. ወዲህም በጎ ፈቃደኞች አንድ ወረቀት ይዘው በየመንደሩ ቤት ለቤት እየዞሩ፣ ልጁ ፊደል ወይስ ቃል፣ አጭር ምንባብ ወይስ ታሪክ ማንበብ እንደሚችል በወላጆቹ ፊት የሚመረምሩበትን ሥራ አስፋፋ። የሚጠይቀው ትልቅ ገንዘብ አይደለም፤ ወላጁ ግን የልጁን ዕውቀት በዐይኑ ያያል።

በዋግ ውስጥ ሲሆን ሁለት ነገሮች ተለይተው ሊታሰቡ ይገባል። አንደኛው ቋንቋ ነው። ከአገሩ ሕዝብ ብዙ ሰው በቤቱ የሚናገረው ኽምጣና የሚባለውን አገውኛ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና የሥልጠና ፖሊሲ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ከፈቀደ ወዲህ፣ ኽምጣና በግዕዝ ፊደል እየተጻፈ ወደ ትምህርት ቤት ገባ። እናቱ ያወራችበትን ቋንቋ በፊደል ያነበበ ልጅ፣ ንባብ ምን ማለት እንደ ሆነ ፈጥኖ ይገባዋል፤ ከዚያ አማርኛውንም ይከተላል። ስለዚህ የመስከረሙ ምርመራ ልጁ በሚማርበት ቋንቋ ይሁን። በአማርኛ ያልቻለውን ልጅ ‹‹ማንበብ አያውቅም›› ብሎ መመዝገብ ሐሰተኛ መነሻ ማበጀት ነው። በዚህም ቋንቋ የሠለጠነ መምህርና መጽሐፍ ማግኘት ከዓመት ግቦች አንዱ ሊሆን ይገባዋል።

ሁለተኛው ረኃብና ሥራ ነው። ሌሊት ሳይበላ አድሮ ሩቅ ተራራ ወጥቶ ወርዶ የመጣ ልጅ በሦስት ሰዓት ዐይኑ መጽሐፉን አያይም። በክረምት መግቢያ ጎተራው ይራቈታል፤ በጥቅምትና በኅዳር የመከር ሥራ ይመጣል፤ በአበርገሌ ቈላ ፍየል የሚጠብቅ ሕፃን አለ፤ ውሃ በራቀበት መንደር እንስራ የምትሸከመው ልጅት ናት። እንግዲህ ትምህርት ቤቱ ንባብን ከቈጠረ በኋላ ሁለተኛ የሚቈጥረው ልጆች የቀሩባቸውን ቀኖች ይሁን። ስም መጥራት ብቻ አይበቃም፤ በየወሩ መጨረሻ ማን ስንት ቀን እንደ ቀረ፣ ለምን እንደ ቀረ ይጻፍ። በመከር ከሆነ ሰዓቱን ማለዋወጥ ይቻል እንደ ሆነ ከወላጆች ጋር ይመከር፤ በረኃብ ከሆነ የምገባውን ነገር ከወረዳው ጋር መነጋገር ይገባል፤ ልጅቱ ልትዳር ስለ ሆነ ከሆነ ደግሞ የአገር ሽማግሌና የመንግሥት ሕግ ሳይዘገዩ ይድረሱላት። የሰቆጣ ቃል ኪዳንና የትምህርት ቤት ውጥን የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው፤ በሕፃንነቱ የተቀነጨረ ልጅ ትምህርቱ ይከብደዋልና፣ የጤናውም የትምህርቱም ሹም የአንድ ልጅ አገልጋዮች መሆናቸውን አይርሱ።

አሁን ደግሞ ስለ ፍርሃት እንናገር፤ የነገሩ ከባዱ ክፍል ይህ ነውና። በአሜሪካ አገር በ1994 ዓ.ም. ‹‹አንድም ልጅ ወደ ኋላ አይቅር›› የተባለ ሕግ ታወጀ። ሕጉ እያንዳንዱ የሕዝብ ትምህርት ቤት በየዓመቱ በቂ መሻሻል እንዲያሳይ፣ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ተማሪዎች ሁሉ፣ ከመቶው መቶ፣ በንባብና በሒሳብ ፈተና ብቁ ሆነው እንዲገኙ ያዝዝ ነበር። ያልደረሰ ትምህርት ቤት ቅጣት ነበረበት። ሐሳቡ ለድኻ ልጆች መልካም ነበረ፤ ስንት ልጅ ወደ ኋላ እንደ ቀረ በግልጽ እንዲታወቅም አድርጓል። ነገር ግን ግቡ የማይደረስበት፣ ቅጣቱም የማይቀር በሆነ ጊዜ አንዳንዶች ልጆቹን ከማሻሻል ይልቅ ወረቀቱን ማሻሻል ጀመሩ። በአትላንታ ከተማ በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ምርመራ፣ በ44 ትምህርት ቤቶች 178 መምህራንና አስተዳዳሪዎች የፈተናን መልስ በማረምና በማስተካከል ነገር ውስጥ መግባታቸውን ገለጠ። የተጐዱት ግን ልጆቹ ናቸው፤ ‹‹ዐውቀዋል›› ተብሎ ስለ ተጻፈላቸው የሚያስፈልጋቸው እርዳታ ቀረባቸው። ያም ሕግ በ2008 ዓ.ም. በሌላ ተተካ።

ይህን ያነሣነው የሌላውን አገር ነውር ለመቍጠር አይደለም፤ ፍርሃት ባለበት ሁሉ ይኸው ስለሚሆን ነው። በእኛም አገር አንድ ርእሰ መምህር ‹‹ከ60ው ልጆች 16ቱ አንዲት ቃል አያነቡም›› ብሎ እውነቱን በጻፈ ጊዜ ተወቅሶ፣ ጎረቤቱ ደግሞ ‹‹ሁሉም ያነባሉ›› ብሎ ሐሰት በጻፈ ጊዜ ተመስግኖ እንደ ሆነ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሁለቱም ሐሰት ይጽፋሉ። ከዚያ ወዲያ የወረዳው፣ የዞኑና የክልሉ ሹም ሁሉ በሐሰት መሠረት ላይ ሲመክር ይኖራል። ስለ ሆነም በሹመት ላይ ያላችሁ ክቡራን፣ ትምህርት ቤት ስትጐበኙ ሪፖርቱ መግባቱን ብቻ አትጠይቁ። ሦስት ነገር ጠይቁ፤ በመስከረም ስንት ልጆች ያነቡ ነበር? ዛሬስ ስንት ያነባሉ? ልዩነቱን ያመጣው ወይም ያስቀረው ምንድን ነው? ከዚያም ሁለት ልጆች በዕጣ አስጠርታችሁ በፍቅር አስነብቧቸው። መነሻው ዝቅ ያለውን ትምህርት ቤት አትንቀፉት፤ ከመነሻው ያልተንቀሳቀሰውን ግን ምክንያቱን መርምሩ፤ መነሻውን የደበቀውን ደግሞ አስተምሩት። አምደ ወርቅ ካለው ከመንገድ ዳር ትምህርት ቤት ጋር፣ በዝቋላ ወይም በሰሐላ ቈላ ውስጥ በዳስ የሚያስተምረውን በአንድ ሚዛን አትመዝኑ፤ እያንዳንዱን ከአምናው ከራሱ ጋር አስተያዩት።

ውጥኑንም በወንበር አታብዙት። 30 ግብ ያወጣ ትምህርት ቤት አንዱንም አያስታውሰውም፤ ሦስት ያወጣ ግን መምህሩም ዘበኛውም ያውቁታል። ንባብ አንድ፣ የቀሩ ቀኖች ሁለት፣ ሦስተኛውን ትምህርት ቤቱ እንደ ችግሩ ይምረጠው፤ ለአንዱ ውሃ፣ ለሌላው ለሴቶች ልጆች የተለየ መጸዳጃ፣ ለሌላው በጦርነት ጣራው የተነሣ አንድ ክፍል ሊሆን ይችላል። በሰቆጣ ያለው የመምህራን ትምህርት ኮሌጅም የሚያሠለጥናቸውን መምህራን በዚህ በመስከረሙ ምርመራ ቢያለማምዳቸው፣ ለአገሩ ትልቅ አገልግሎት ይሆናል እንላለን።

በመጨረሻ ቃላችንን ወደ ቤት እንመልስ፤ ይህ የቤተ ሰብ ገጽ ነውና። ሥራው ረገብ ባለ ጊዜ፣ ትምህርት ቤቱ ወላጆችን ሰብስቦ ሦስቱን ግቦች በሚገባቸው ቋንቋ ያንብብላቸው፤ በትልቅ ጽሕፈትም በበሩ ላይ ይለጥፈው። አባትና እናትም በሳምንት አንድ ማታ ልጃቸውን ከአጠገባቸው አስቀምጠው ያስነብቡት። ‹‹እኔ ያልተማርሁ ምን ዐውቄ›› የሚል አይኑር፤ ያልተማረች እናት እንኳ ልጇ ሲንተባተብና አቃንቶ ሲያነብ ለይታ ታውቃለች። ያነበበውን ምን እንደ ሆነ በራሱ ቃል ይተርክላት፤ መተረክ ከቻለ ገብቶታል ማለት ነው። ካልቻለ በቍጣ ሳይሆን በማግሥቱ መምህሩን ማነጋገር ነው። ያን ሰዓት ከፍየሉም ከእንስራውም ነጻ ማድረግ፣ ለልጅ ከሚሰጥ ስጦታ ሁሉ የሚበልጥ ነው። ባለጠጋውና ባላባቱም ለደብሩ እንደሚሳለው ሁሉ፣ በመንደሩ ላለው ትምህርት ቤት ጥቂት የንባብ መጻሕፍት ቢሰጥ ምስጋናው ከልጅ ልጅ ይተላለፋል።

‹‹ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል›› ይላል ያገራችን ሰው። አንድ ትምህርት ቤት በአንድ ዓመት 12 የማያነቡ ልጆችን አንባቢ ቢያደርግ ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ለ12 ቤቶች ትንሽ አይደለም። በሰኔ መጨረሻ፣ ዝናቡ ሊጀምር ሲል፣ በመስከረም አንዲት ቃል ያልቻለችው ልጅ በኽምጣና የተጻፈ አንድ ገጽ በአባቷ ፊት ብታነብ፣ የዚያ ዓመት ውጥን ፍሬ አፈራ። ሹሙም፣ መምህሩም፣ ወላጁም ይህን አንድ ገጽ ዐስበው በመስከረም ሥራቸውን እንዲጀምሩ እንለምናለን። እግዚአብሔር የጀመርነውን ያስፈጽመን።